ላዩን ሲያዩት ደኅና፥ ውስጡን ለቄስ

ሸክላ ልትገዛ ገበያ የወጣች ሴት እንስራውን ወይም ድስቱን በዓይኗ አይታ ብቻ ከመቀነቷ ገንዘብ አትፈታም። ዕቃውን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ ትይዝና በቀኝ እጇ ጣት ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ጆሮዋንም ጠጋ ታደርጋለች። ድምፁ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ከወጣ ዋጋውን ትጠይቃለች። የታፈነ ድምፅ ከሰጣት ግን ሻጪቱ የቱንም ያህል ብታሞግሰው መልሳ ታስቀምጠዋለች። ዓይን ያላገኘውን ስንጥቅ ጆሮ አገኘው ማለት ነው። በልጅነታችን እናታችንን ተከትለን ገበያ ስንወጣ ይህን እያየን እንደ ጨዋታ እንቈጥረው ነበር። በዛሬው ዘመን በመቶ የሚቈጠሩ መንገደኞችን ጭነው ባሕር የሚሻገሩት አይሮፕላኖች ሳይቀሩ እንደ ሸክላ ድስት እየተንኳኩ የሚመረመሩበት ጊዜ መኖሩን ካወቅን ወዲህ ግን፥ የእናታችን ጥበብ ከጨዋታ በላይ እንደ ነበረ ተረድተናል።

አይሮፕላን እንደ ሸክላ ለምን ይንኳኳል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ መልሱ አይሮፕላኑ ከተሠራበት ነገር ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የላከው ሲ-47 የተባለው አይሮፕላን ገላው ከአሉሚኒየም ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የመጡት፥ ሞተራቸው ተለወጠ እንጂ፥ ቆዳቸው በአመዛኙ ያው አሉሚኒየም ነበር። በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቦይንግ 787 አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከዚህ አይሮፕላን ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት የሚባለው ነገር ነው፤ ክንፉም ሆነ መንገደኛ የሚቀመጥበት ገላው ከዚሁ የተሠራ ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የመጣው ኤርባስ ኤ350ም እንደዚሁ ከክብደቱ ግማሽ በላይ የሚሆነው ኮምፖዚት ነው።

ኮምፖዚት ማለት በአጭሩ ቃጫና ሙጫ ነው። ሐሳቡ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ የጤፍ ጭድ ብቻውን ቢሆን ነፋስ ይበትነዋል፤ ሁለቱ ተቦክተው በግድግዳ ላይ ሲለሰኑ ግን ብዙ ክረምት ያሳልፋሉ። (እኛ በተወለድንበት አገር ቤቱ በድንጋይ ስለሚሠራ ይህን በደንብ ያየነው ወደ መሐል አገር ከመጣን በኋላ ነው፤ የጭቃ ቤት መናቃችንንም ያን ጊዜ ተውን።) በአይሮፕላኑ በጭዱ ፈንታ የካርቦን ቃጫ፥ በጭቃው ፈንታ ሬዚን የተባለ ሙጫ ይገባል። የአንዱ የካርቦን ቃጫ ውፍረት ከ5 እስከ 7 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ስለ ሆነ፥ የሰው ጠጕር ከዚህ ቃጫ ዐሥር ጊዜ ያህል ይወፍራል። ቃጫዎቹ ሙጫውን ጠጥተው እንደ ስስ ጨርቅ ይዘረጋሉ፤ የአንዱ ንጣፍ ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከዚያም አንዱ በቁመት፥ አንዱ በወርድ፥ አንዱ በሰያፍ እየሆነ ይደራረባል። በመጨረሻም ታላቅ ምድጃ ውስጥ ገብቶ፥ የአየር ግፊት እየተጫነው፥ በ180 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይበስላል። ሲወጣ ከአሉሚኒየም የቀለለ፥ በቃጫው አቅጣጫ ሲስቡት እጅግ የጠነከረ፥ ዝገት የማያውቀው ነገር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ነው። ችግሩ የሚመጣው ነገሩ በተመታ ጊዜ ነው። ብረት የተመታ እንደ ሆነ ይሰረጉዳል፤ ስርጉዱም እዚያው ይቀራል። ማታ የተገጨውን መካኒኩ በማግስቱ ጧት ሲመጣ ያየዋል፤ በእጁም ይዳስሰዋል። ብረት የደረሰበትን አይደብቅም። ኮምፖዚት ግን ሲመታ እንደ ቀስት ጎበጥ ይልና ተመልሶ ይቃናል፤ ቀለሙ እንኳ ላይላጥ ይችላል። ውስጡ ግን በዚያች ቅጽበት ሙጫው ተሰንጥቆ ንጣፍ ከንጣፍ ተላቋል። ጉዳቱ በተመታው በኩል ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ በገባ ቍጥር እየሰፋ ስለሚሄድ፥ ብዙ ጊዜ የከፋው ክፍል የሚገኘው ማንም በማያየው በጀርባው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት መሐንዲሶች ስም አውጥተውለታል፤ «በጭንቅ የሚታይ የምት ጉዳት» ይሉታል። በዚህም ላይ በምቱ ቀን ጥቂት ስርጉድ ቢታይ እንኳ፥ ከሙቀትና ከእርጥበት የተነሣ ቀስ በቀስ እየሞላ ሊደበዝዝ ይችላል። ዛሬ በጣት የሚዳሰሰው ምልክት ከጥቂት ወራት በኋላ ላይገኝ ይችላል ማለት ነው።

ንጣፎቹ ቢላቀቁስ ምን ይሆናል? ቃጫው እንደ ሆነ አልተቈረጠም የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚገባ ነው። ልጆች ካሉበት ቤት ደብተር አይጠፋምና አንድ ወፍራም ደብተር አንሥቶ መሞከር ይቻላል። ደብተሩን በሁለት ጫፉ ይዘው ቢስቡት ቅጠሎቹ ሁሉ አብረው ይይዛሉ፤ አይበጠሱም። በጠረጴዛ ላይ አቁመው ከላይ ቢጫኑት ግን እያንዳንዱ ቅጠል ለየራሱ ይጎብጥና ደብተሩ ይተኛል። ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው በሙጫ ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብለው በቆሙ ነበር። የአይሮፕላን ክንፍም በበረራ ላይ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ፥ የታችኛው ቆዳ ሲሳብ የላይኛው ይጨመቃል። ንጣፉ የተላቀቀ ቆዳ ሲሳብ ይታገሣል፤ ሲጨመቅ ግን እንደ ደብተሩ ነው።

ምርመራው እንደ ማንኛውም ምርመራ ከዓይን ይጀምራል። መርማሪው ቆዳውን አጽድቶ የባትሪ መብራቱን በጎን አጋድሞ ያበራበታል፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ትንሿም ጎድጓዳ ጥላ ትጥላለችና። ቀጥሎ ማንኳኳት ይመጣል። በሳንቲም ወይም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ትንሽ መዶሻ ከደኅናው ቦታ ጀምሮ ወደ ተጠረጠረው ቦታ እያንኳኳ ይሄዳል፤ ድምፁ ከጥርት ወደ ድፍን የተለወጠበትን እያከበበ ምልክት ያደርጋል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ የትም ቦታ ይሠራል፤ ልምድ ያለው ሰው ሲይዘውም ብዙ ነገር ያገኛል። ነገር ግን የሚያገለግለው ለቀጭን ቆዳ ነው። ንጣፉ ሲበዛ በጥልቀት ያለው መላቀቅ ድምፁን አይለውጠውም። የአይሮፕላን ማረፊያ ሜዳም እንደ ሸክላ ተራ አይደለም፤ ሞተር በሚጮኽበት ቦታ ጆሮን አምኖ መወሰን አስቸጋሪ ነው።

በዚህ ረገድ በየካቲት 27 ቀን 1997 ዓ.ም. የሆነውን መጥቀስ ይገባል። አንድ የካናዳ ኤርባስ ኤ310 አይሮፕላን ከኩባ ከቫራዴሮ ከተማ ተነሥቶ 271 ሰዎችን ይዞ ወደ ኬቤክ ሲበር፥ በ35 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ የጭራ መሪው ተገንጥሎ ወደቀ። አብራሪዎቹ አይሮፕላኑን መልሰው በሰላም ቫራዴሮ አሳረፉት። የጭራው መሪ የተሠራው በመካከሉ የማር እንጀራ የሚመስል ቀላል ነገር ገብቶ በሁለት ወገን የካርቦን ቃጫ ቆዳ በተለበጠበት ገበታ ነበር። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ነገሩን ከመረመረ በኋላ፥ ጥፋቱ ምናልባት የጀመረው ቆዳው ከመካከለኛው ነገር በመላቀቁ ወይም መካከለኛው ራሱ በመሰንጠቁ እንደ ሆነ ገለጸ። ለእኛ ከዚህ የሚበልጥብን ሌላው ቃሉ ነው፤ ለእነዚህ መሪዎች ታዝዞ የነበረው በዓይን የማየትና የማንኳኳት ምርመራ እንዲህ ያለውን ጉዳት በጊዜው ለማግኘት በቂ አይደለም አለ። ዓይንና ጆሮ የታዘዙትን ሁሉ ፈጽመው እንኳ ጉዳቱ ሊያመልጣቸው ይችል ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ከዓይንና ከጆሮ በላይ የሆነ ነገር ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር እናት ሐኪም ቤት ስትሄድ ሆዷን ቅባት ቀብተው ትንሽ መሣሪያ በላዩ እያንሸራተቱ ሕፃኑን በመስተዋት ያሳዩአታል። ለአይሮፕላን የሚሠራበትም የዚሁ ወንድም ነው። መሣሪያው በሰከንድ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚንቀጠቀጥ፥ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ቆዳው ይሰዳል። ደኅና በሆነው ቦታ ድምፁ እስከ ጀርባው ደርሶ ይመለሳል። ንጣፍ በተላቀቀበት ቦታ ግን በመካከል አየር ስላለና ድምፁ አየሩን አልፎ መሄድ ስለማይችል ቀድሞ ይመለሳል። የዘገየውንና የቀደመውን በመለካት ጉዳቱ የት፥ ስንተኛው ንጣፍ ላይ፥ ምን ያህል ስፋት እንዳለው ይታወቃል። ለ787 ደግሞ በሜዳ ላይ ያለ መካኒክ በእጁ ይዞ «ደኅና» ወይም «መጥፎ» የሚል ቃል ብቻ የሚያነብበት ትንሽ መሣሪያ ተሠርቷል፤ አስቀድሞ ግን የሠለጠነ ሰው ሊያስተካክለው ይገባል። ቆዳውን በመብራት አሙቆ ሙቀቱ እንዴት እንደሚበርድ በልዩ ካሜራ የሚያይ ዘዴም አለ።

እነዚህ መሣሪያዎች መልካም ናቸው። አንድ ነገር ግን አያውቁም፤ ወዴት መጠቈም እንዳለባቸው አያውቁም። አንድ ታላቅ አይሮፕላን ስፋቱ በብዙ መቶ ካሬ ሜትር የሚለካ ቆዳ አለው። ከሁለት በረራ መካከል ይህን ሁሉ በእጅ መሣሪያ እየዳሰሱ መጨረስ አይቻልም። እዚህ ጋ ተመታ ብሎ የሚናገር ሰው ከሌለ መሣሪያው በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ማን ነው ይህ ሰው? አይሮፕላን በሰማይ ከወፍ ጋር እንደሚጋጭ ሁላችንም ሰምተናል። ብዙው ግጭት ግን የሚደርሰው በምድር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። መሰላል የተሸከመ መኪና፥ ሻንጣ የሚጭን መኪና፥ ምግብ የሚያመጣ መኪና በዙሪያው ይርመሰመሳሉ። እነዚህ መኪናዎች አይሮፕላኑን እንዳይጎዱ ፊታቸው ላይ ጎማ ይለጠፍባቸዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ዲዬጎ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተደረጉ ፈተናዎች ታላላቅ የኮምፖዚት ገበታዎችን በእንዲህ ያለ ጎማ ቀስ እያሉ ገፏቸው። የታየውም አሳሳቢ ነበር፤ ጎማው ግፊቱን በሰፊ ቦታ ስለሚያከፋፍለው ቆዳው ከውጭ ምንም ወይም ጥቂት ምልክት ብቻ እያሳየ፥ በውስጥ በኩል ቆዳውን የሚደግፉት የጎድን አጥንቶች ሊሰበሩ ይችላሉ። ቆዳውን እንዲጠብቅ የተለጠፈው ጎማ ምስክሩንም አብሮ አጠፋው።

አሁን በሐሳባችን አንድ የሻንጣ መኪና ነጂን እንይ። ሌሊት ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፤ በረራው ዘግይቷል፤ አለቃው ይጮኻል። መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ አንድ ነገር ደግፎ የያዘው ይመስለዋል። ወርዶ በባትሪ ያያል፤ ቀለሙ አልተላጠም፤ ስርጉድ የለም። ዙሪያውን ይመለከታል፤ ያየው ሰው የለም። በቤቱ ሦስት ልጆች አሉ፤ የቤት ኪራይ ደርሷል። ቢናገር በረራው ይቀራል፤ መንገደኛው ይቈጣል፤ ምናልባት ደመወዙም ይቀራል። ባይናገር ምንም አልሆነም፤ ዓይኑ ደኅና ነው ብሎ ነግሮታልና። በአሉሚኒየም ዘመን ይህ ሰው ዝም ቢል እንኳ አይሮፕላኑ ራሱ በማግስቱ ይናገር ነበር። ዛሬ ከእርሱ ሌላ ምስክር የለም።

የበረራ ሕግ አውጪዎች ይህን አስበውበታል። በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን፥ በሚቀጥለው ዓመትም የአውሮፓው፥ ባወጡት መመሪያ የኮምፖዚት ጉዳት በአምስት ተከፍሏል። የመጀመሪያው ሳይታይ ሊቀር የሚችለው ነው፤ እርሱን አይሮፕላኑ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት እንኳ፥ በአገልግሎት ይደርስበታል ተብሎ ከሚታሰበው ከከባዱ ጭነት አንድ ተኩል እጥፍ መቻል አለበት። ሁለተኛው በመደበኛ ምርመራ የሚገኘው፥ ሦስተኛው በጥቂት በረራ ውስጥ የሜዳው ሠራተኛ ሳይቸገር የሚያየው፥ አራተኛው አብራሪው በበረራ ላይ ሳለ የሚያውቀው ነው። አምስተኛው ግን ከመሐንዲሱ ስሌት ውጭ የሆነ ነው፤ የመኪና ግጭት የሚመደብበትም በዚህ ነው። ለአምስተኛው የተዘጋጀ የጥንካሬ ልክ የለም፤ መመሪያው የሚተማመነው ሠራተኛው ሠልጥኖ ወዲያው በመናገሩ ነው።

እኛ ጠረጴዛ ላይ የምንሠራ ሰዎች የጠፋ ፋይል ሲፈለግ በቢሮ ውስጥ የሚወርደውን ዝምታ እናውቀዋለን። ሁሉም ወለሉን ያያል። ፋይሉ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሌላ መሳቢያ ሲገኝ ደግሞ ማን እዚያ እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለም። ሰው የሚደብቀው ክፉ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የተናገረ ሲቀጣ፥ ዝም ያለ ሲያልፍለት ስላየ ነው። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፥ በበረራ ሥራ ላይ የደረሰውን የተናገረ ሠራተኛ፥ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካላጠፋ በቀር፥ በመናገሩ ጉዳት እንዳይደርስበት ይከለክላል። ለነጂው ጥሩ ስለ መሆን ብቻ የወጣ ደንብ አይመስለንም። የነጂው አፍ ከተዘጋ ያን ሁሉ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ዕውር ነውና።

ምቱ ታይቶ፥ ተነግሮም፥ ያልተመረመረበት ጊዜም አለ። በጥር 8 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ከፍሎሪዳ ስትነሣ፥ ከ82 ሰከንድ ገደማ በኋላ ከታላቁ የነዳጅ ታንክ አንድ የአረፋ ቍራጭ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን የፊት ጠርዝ መታ። ቍራጩ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ በሰዓት ግን 800 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ፍጥነት ነበር የመታት። የክንፉ ጠርዝ የተሠራው ከካርቦን ቃጫ ሲሆን፥ ከፍ ያለውን ሙቀት እንዲችል በሬዚን ፈንታ ካርቦን ራሱ እንደ ሙጫ ገብቶበታል። በማግስቱ ሥዕሉን ያዩት መሐንዲሶች ተጨነቁ። ክንፉ በምድር ባሉ ታላላቅ መነጽሮች ወይም በሳተላይት ፎቶግራፍ እንዲነሣ ሦስት ጊዜ ጥያቄ ቀረበ፤ ፎቶግራፉም አልተነሣም። ኃላፊዎቹ አረፋ ቀላል ነገር ነው፥ ከዚህ ቀደምም ብዙ ጊዜ መትቶ ነበር፥ መንኰራኵሮቹም በሰላም ተመልሰዋል ብለው አሰቡ። በጥር 24 ቀን ኮሎምቢያ ስትመለስ የጋለው አየር በተቀደደው ጠርዝ ገብቶ ክንፉን ከውስጥ አቀለጠው፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

ከአምስት ወር በኋላ በቴክሳስ፥ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፥ መርማሪዎች ያንኑ የሚያህል የአረፋ ቍራጭ በጋዝ መድፍ በእውነተኛ የክንፍ ጠርዝ ላይ ተኰሱ። ጠርዙ ላይ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቀዳዳ ተከፈተ። በስፍራው የነበሩት እጅግ ደነገጡ ይባላል፤ የሚያስደነግጥም ነው። ከሐምሌ 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የበረሩት መንኰራኵሮች፥ በ2003 ዓ.ም. አገልግሎታቸው እስከ ተቋረጠ ድረስ፥ ጫፉ ላይ ካሜራና ሌዘር ያለበት 15 ሜትር የሚያህል ዘንግ ይዘው እየወጡ በጠፈር ላይ ሳሉ የክንፋቸውን ጠርዝ ይመረምሩ ነበር።

ወደ አገራችን አይሮፕላን እንመለስ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ጧት ከአዲስ አበባ ሎንዶን ገብታ፥ መንገደኞቿን አውርዳ፥ ኤሌክትሪኳ ጠፍቶ በሂዝሮ አይሮፕላን ማረፊያ በአንድ ጥግ ቆማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከመቈጣጠሪያው ግንብ ላይ ያለ ሠራተኛ ከጭራዋ ፊት ለፊት፥ ከጣራዋ ላይ፥ ጢስ ሲወጣ አየ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገብተው የውስጡን ጣራ ገንጥለው እሳቱን አጠፉት። በውስጧ ማንም አልነበረም። የእንግሊዝ የአይሮፕላን አደጋ መርማሪዎች በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት፥ እሳቱ የተነሣው አይሮፕላን አደጋ ሲደርስበት ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ከሚያስታውቀው መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን፥ የባትሪውም ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው እንደ ነበር አስረዱ። ለማዳን የተሠራው መሣሪያ እሳት ለኰሰ። ከዚያም የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላ እንኳ እሳቱ በጣራው ውስጥ ቀስ እያለ ሲዛመት ቈየ፤ ማገዶ የሆነው በኮምፖዚቱ ውስጥ ያለው ሙጫ ነበር።

የእሳት ጉዳት ከምት ጉዳት ይልቅ ግልጽ ይመስላል፤ የከሰለው ከስሏልና። አስቸጋሪው ግን የከሰለው ቦታ አይደለም፤ ድንበሩ ነው። ሙጫው ካልነደደ በቀር ምንም አልሆነም ማለት አይቻልም፤ ቀለሙ ሳይለወጥ ከሙቀት የተነሣ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ቃጫውም እንደ ወትሮው ተዘርግቶ ይታያል። ስለዚህ ቈርጦ የሚጥለውን ወሰን የሚያሰምር ሰው ከጥቍሩ አልፎ ደኅና ወደሚመስለው ገብቶ በድምፅና በኢንፍራሬድ ብርሃን እየመረመረ መሄድ አለበት። አብዝቶ ቢቈርጥ ለከንቱ ይከስራል፤ አሳንሶ ቢቈርጥ በሽታውን ከጥገናው ሥር ትቶት ይሄዳል። «ንግሥተ ሳባ» በዚያው በሎንዶን ተጠግና በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ወደ ሥራዋም ገባች።

ጥገናው ራሱ ብዙ የሚያስነግር ነው፤ አንዱን ብቻ እናንሣ። በሙጫ የሚጠገን ቁስል እንደ ሱሪ ጨርቅ ተደርጎበት አይሰፋም። ዙሪያው በረጅሙ እየሰላ ይሞረዳል፤ ጥልቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቁስል ጠርዙ በየአቅጣጫው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊሞረድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ንጣፍ በንጣፍ ተተክቶ፥ አየሩ ከላዩ ተመጥጦ፥ በሚሞቅ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይበስላል። ሠራተኛው ቅባት ያለበት ጣቱን አንድ ጊዜ ቢያሳርፍበት ሙጫው በደንብ ላይዝ ይችላል። የተለጠፈው ነገር ከተላቀቀ መሣሪያው ይነግረናል፤ ተለጥፎ ግን ደካማ ከሆነ አስተማምኖ የሚለካ መሣሪያ እስካሁን የለም። ስለዚህ ትልልቁንና ወፍራሙን ጉዳት ብዙ ጊዜ በብሎን ማሰርን ይመርጣሉ።

በየቤታችን አይሮፕላን የለም፤ የቃጫና የሙጫ ሥራ ግን አለ። ልጆቻችን ሞተር ብስክሌት ሲነዱ ከሚደፉት የራስ መከላከያ አንዳንዱ ቅርፊቱ ከመስተዋት ቃጫና ከሬዚን ነው፤ ውስጡም አንድ ጊዜ ከተጨመቀ በኋላ ዳግመኛ የማይነፋ አረፋ ነው። ሠሪዎቹ ራስ መትቶ የወደቀን መከላከያ፥ ላዩ ደኅና ቢመስልም፥ ጥሎ ሌላ መግዛት ይገባል ይላሉ። በየገበያው በርካሽ የሚሸጥ ያገለገለ የራስ መከላከያ ሞልቷል፤ ቀለሙም ብዙ ጊዜ አዲስ ነው። ሻጩን አንድ ጊዜ ወድቆ ነበር ወይ ብለን ጠይቀን እናውቃለን፤ አዎን ያለን አንድም የለም።